ማኅበራችን የትኛውን የእጅ ሙያ ያስተምር?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከምትገኘው ከአምበር ከተማ፣ የአንድ ጽዋ ማኅበር ሙሴ ጥያቄ ልከውልናል። ማኅበርተኛው በየወሩ ከሚያዋጣው ገንዘብ ጥቂት ስለ ተጠራቀመ፣ ትምህርታቸውን ፈጽመው ሥራ ላጡ የሰበካው ወጣቶች የእጅ ሙያ ለማስተማር ተስማምተዋል። የትኛውን ሙያ በሚለው ላይ ግን አሳብ ተከፋፈለ። አንዱ የልብስ ስፌት መኪና ይገዛ አሉ፤ ሁለተኛው ፈትልና ሽመና ይሁን አሉ፤ አንዲት እናት ሰፌድና መሶብ መስፋትን አነሡ፤ ሌላው ብራና መፋቅንና ቁም ጽሕፈትን መረጡ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ «ሸክላ ሥራስ?» ባሉ ጊዜ ቤቱ ጸጥ አለ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ምርጫውም ስለዚያ ጸጥታም ነው።

የእጅ ሙያ የሚመረጠው በስሙ ማማር አይደለም። ገንዘብ ወጥቶ፣ የምስክር ወረቀትም ታድሎ፣ ተማሪው ሁሉ ወደ ነበረበት የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር አስቀድሞ ስላልተጠየቀ ነው። ይኸውም፦ መሥሪያው ዕቃ ከየት ይገኛል? የሚያስተምረው ማን ነው? ተሠርቶስ የሚገዛው ማን ነው? እንግዲህ የቀረቡትን ሙያዎች በእነዚህ እንመዝናቸው።

የልብስ ስፌት ገዢ አያጣም፤ የተማሪ ቤት ልጆች የደንብ ልብስ ይለብሳሉ፤ የተቀደደ የሚጠግንም ሁልጊዜ ይፈለጋል። ነገር ግን በአንድ መኪና ላይ በአንድ ጊዜ የሚቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ገንዘቡ ለሁለት መኪና ብቻ የሚበቃ ሲሆን ሃያ ልጅ መመዝገብ አሥራ ስምንቱን ተመልካች ማድረግ ነውና፣ የተማሪው ቍጥር በመኪናው ቍጥር ይወሰን።

ፈትል ከእንዝርትና ከባዘቶ በቀር ብዙ ወጪ የለበትም። ጥጡ በአምበር ደጋ ስለማይበቅል ከቈላ የመጣውን ከገበያ መግዛት ያስፈልጋል። ዛሬ ሸማኔው ለድሩ የፋብሪካ ክር ቢያገባም፣ ለማጉ የእጅ ፈትልን ይፈልጋል፤ ስለዚህ የጥሩ ፈታይ ገዢ እዚያው መንደር ያለው ሸማኔ ነው። ፈትልን በጥቂት ሳምንታት ማስጀመር ይቻላል፤ ሽመና ግን ከጉድጓዱ አፍ ብዙ ወራት መቀመጥን ይጠይቃል። ስለዚህ ማኅበሩ ፈትሉን በአዳራሹ ያስተምር፤ ሽመናን ከልብ የሚሹትን ሁለት ሦስት ልጆች ግን ከሸማኔ ዘንድ ያስጠጋቸው። እመቤታችን በብሥራቱ ጊዜ ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል እንደ ነበረች አባቶቻችን ያስተምሩናልና፣ እንዝርት መያዝ ለክርስቲያን ክብር እንጂ ነውር አይደለም።

ለሰፌድና ለመሶብ የሚሆነው ስንደዶና አክርማ ከሜዳው ይገኛል፤ ነገር ግን ጊዜ አለው። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ያልተለቀመውን ስንደዶ በበጋ መፈለግ ድካም ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ይህን ከመረጠ አስቀድሞ አስለቅሞና አድርቆ ያስቀምጥ። ኅብስቱ ከቤተ ልሔም ወደ መቅደስ የሚገባው በመሶበ ወርቅ ነውና፣ ይህም ሙያ ለቤትም ለቤተ ክርስቲያንም ያገለግላል።

ብራና መፋቅና መጻፍ የአገራችን ታላቅ ሀብት ነው። ሆኖም የፍየሉን ቆዳ ወጥሮ ፍቆ ማስተካከል፣ ቀለሙን መበጥበጥ፣ ብርዑን መቅረጽ፣ ፊደሉንም ማሳመር የዓመታት ትምህርት እንጂ የሦስት ወር አይደለም። ለዚህ የሚተጋ አንድ ልጅ ቢገኝ፣ ማኅበሩ ስንቁን ችሎ ከጸሐፊ ዘንድ ይላከው።

አሁን ጸጥታ ወደ ወደቀበት ነገር እንምጣ። ሸክላ ሠሪ ባለበት ሁሉ አፈሩ ቅርብ ነው። ተቈፍሮ፣ ተወቅጦ፣ ከተፈጨ ገል ጋር ተለውሶ፣ ያለ መንኰራኵር በእጅ ተበጅቶ፣ ደርቆ፣ በማገዶና በኩበት ይተኰሳል፤ ከውጭ አገር የሚገዛ መሣሪያ የለበትም። ገዢውም አለ። እንስራን ጀሪካን ስለ ተካው እሱን ማስቀደም አያስፈልግም። ምጣድን ግን በየቤቱ እንፈልገዋለን፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የከተማ ምጣድ ሳይቀር እንጀራው የሚሰፋበት ፊቱ ሸክላ ነው። ጀበናም እንዲሁ።

የቀረው መምህር ነው። እሳቸውም ምጣዳቸውን በጀርባቸው አዝለው ወደ ገበያ የሚወጡት እናት ናቸው። ጸጥታው የመጣው ከዚህ ነው። ሰዎቹ የፈሩት አፈሩን አይደለም፤ እሳቸውን መምህርት ብሎ ከፊት ማስቀመጥን ነው። «ዓይናቸው ይበላል» እየተባለ ከሸክላ ሠሪና ከቀጥቃጭ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥና በጋብቻ መዛመድ ሲሸሽ ኖሯል። ነገር ግን የማኅበሩ ጠላ የተጠመቀበት ጋን የማን እጅ ሥራ ነው? ዳቦውና እንጀራው የተጋገረበትስ ምጣድ? በእጃቸው ሥራ በልተንና ጠጥተን እሳቸውን ከደጅ ማስቀረት፣ በቅዱስ ስም ለተሰበሰበ ማኅበር እንዴት ይስማማዋል?

ነቢዩ ኤርምያስ የአምላኩን ቃል ይሰማ ዘንድ እንዲወርድ የታዘዘው ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ነበር፤ ይህም በትንቢቱ በምዕራፍ 18 ተጽፏል። ነቢይ ሊማር ወደ ወረደበት ቤት ልጆቻችንን ለመላክ የምናፍርበት ምክንያት ምንድር ነው? መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ስለ ገበሬው፣ ስለ ቀጥቃጩና ስለ ሸክላ ሠሪው ከተናገረ በኋላ፣ ያለ እነርሱ ከተማ ሊኖር እንደማይችል ይመሰክራል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበረ። በመንግሥትም በኩል ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ የአንድ ማኅበር ቤት ጸጥታ እንደሚያሳየን ስድቡ ከአፍ ቢቀር ከልብ አልወጣም። በዚያው በምሥራቅ ጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም፣ በንግሥት እሌኒ ዘመን የተቀረጸውን የድንጋይ ጌጥ እያደነቅን የዛሬውን እጀ ብልህ መናቅ እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር ነው።

ስለዚህ ለሙሴውና ለማኅበርተኛው ምክራችን ይህ ነው። ሸክላን፣ ፈትልንና ስፌትን አስቀድሙ፤ መኪናውን ገንዘብ ሲደረጅ ጨምሩ። ለአንድ መምህር ከስምንት የሚበልጥ ተማሪ አትስጡ። እህሉ ከተወቃ በኋላ፣ ከየካቲት ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ለሸክላ የተመቸ ነው፤ በዐቢይ ጾም ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ ጧቱ ለሥራ ይተርፋል። ቀኑን ስትቈጥሩ ሰንበቱንና በሰበካው የሚከበሩትን በዓላት አስቀድማችሁ ቀንሱ። ልጆቹ ከትንሽ ድስት ጀምረው ወደ ጀበናና ወደ ምጣድ ይሻገሩ፤ ሲተኰስ የሚሰበር አይጠፋምና ስባሪውን ከትምህርቱ ወጪ ቍጠሩት። የመጀመሪያውንም ሥራ ማኅበሩ ራሱ ይግዛ።

ሸክላ ሠሪዋን እናት ለመጥራት ልጅ አትላኩ። ሙሴው ራሳቸው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከቤታቸው ሄደው ይለምኗቸው፤ ዋጋቸውንም ለማንኛውም መምህር እንደሚከፈለው በየቀኑ ይክፈሏቸው። ምናልባት በቀድሞው ንቀት ልባቸው ቆስሎ እሺ ላይሉ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሳይቀየሙ ደግሞ መሄድ ይገባል። እሺ ካሉ ግን ትምህርቱ በተከፈተበት ሳምንት በሚውለው የማኅበሩ ቀን ከማዕዱ ያስቀምጧቸው፤ ጠበሉንም ጽዋውንም እንደ ማንኛውም እንግዳ ይቅመሱ። ወጣቶቹ የታላላቆቻቸውን አኳኋን ይመለከታሉ፤ ከማዕድ ያልቀረበን ሰው መምህሬ ብለው አይሰሙትምና።

አምላከ ቅዱሳን የማኅበሩን አሳብና የወጣቶቹን የእጅ ሥራ ይባርክ። አሜን።