የትዕግስት ጫማ ኳስ ሜዳ አይገባም

ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ሰው ሰራሽ ሳር በተነጠፈባቸው የአዲስ አበባ ትንንሽ ሜዳዎች ዳር የሚነሳው ክርክር የአርሴናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጫማም ያከራክራል። አንዱ አዲሱን ስኒከር አውልቆ የሶሉን ስፖንጅ በአውራ ጣቱ ይጫንና “ፍራሽ እኮ ነው!” ይላል። ጓደኞቹም እየተቀባበሉ ይጫኑታል፣ ያደንቃሉ። ፍራሽ ግን የተሠራው ለመተኛት ነው። ኳስ ሊጫወት የገባ ሰው ፍራሽ ላይ ቆሞ ምን ይጠቀማል?

የወፍራም ስፖንጅ ፍቅር የመጣው ከማራቶን ነው። ትዕግስት አሰፋ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የዓለምን ክብረወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ ስታሻሽል፣ እግሯ ላይ የነበረው የአዲዳስ ጫማ አንዱ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን ነበር። ዋጋው 500 ዶላር። ኩባንያው ራሱ ጫማው የሚያገለግለው ለአንድ ማራቶንና ለመለማመጃ ያህል መሆኑን አልደበቀም። ለእሷ ያዋጣል። ለሰፈር ተጫዋችስ?

ውድድሩን ያጧጧፈው ናይኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፔባ ከሚባል ቁስ የተሠራ ስፖንጅ ያለውን ቬፐርፍላይ ለገበያ አወጣ። ይህ ስፖንጅ ቀላል ከመሆኑም በላይ ሲረገጥ የተቀበለውን ኃይል አብዛኛውን መልሶ ይሰጣል። ናይኪ ወጪውን ሸፍኖ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው ጥናት ጫማው የሯጩን ድካም በአማካይ 4 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ልብ ይባል፤ ይህ የተለካው ቀጥ ብሎ ወደፊት በሚሮጥ ሰው ላይ ነው።

እግር ኳስ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ተጫዋቹ ይሮጣል፣ ድንገት ይቆማል፣ ይታጠፋል፣ በትከሻ ይገፋል። ከፍ ያለና የሚሰምጥ ስፖንጅ ላይ ቆሞ ወደ ጎን ሲታጠፍ ስፖንጁ በአንድ በኩል ይጨፈለቃል፣ ቁርጭምጭሚቱም ተከትሎ ይዞራል። ከዚያ ወለምታ ነው፣ ዕድለ ቢሱ ደግሞ ጉልበቱን ይዞ ይወድቃል። ታኬታ ወፍራም ስፖንጅ የሌለው የፋብሪካ ባለቤቶች ገንዘብ ሊቆጥቡ ፈልገው አይደለም። እግሩ መሬቱን በቅርብ እንዲያውቀው ነው።

ታዲያ ምን ይመረጥ? ለሰው ሰራሽ ሳር፣ ከሥሩ ትንንሽ የጎማ ጥርሶች ያሉትና ኢቪኤ የሚባለው ስፖንጅ በስሱ የገባበት ጫማ ይበቃል። ኢቪኤ ርካሽና ቀላል ነው፣ ጠንከር ተደርጎ ሲሠራም እግር አያወላውልም። ጉድለቱ እየተረገጠ ሲቆይ ተጨፍልቆ መቅረቱ ነው። አዲዳስ እ.ኤ.አ. በ2013 ቡስት ብሎ ያወጣው፣ እንደ ፈንዲሻ የተጣበቁ ፍሬዎች የሚመስለው ቲፒዩ ክብደት ቢኖረውም ቶሎ አይሞትም፤ ለጠዋት ሩጫና ለእግር መንገድ ጥሩ ነው። ፖሊዩሬታን ከባድ ግን ጠንካራ ስለሆነ ለሥራ ቦቲና ለተራራ ጉዞ ይሆናል። ፔባ ለውድድር ቀን ሯጮች ይቀመጥ።

ሳልቫጅ የሚገዙ ደግሞ ዓይናቸውን ይክፈቱ። ፖሊዩሬታን ለዓመታት ሳይለበስ ቢቀመጥም እርጥበት ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ላይኛው ቆዳ አዲስ መስሎ፣ ሶሉ በሁለተኛው ጨዋታ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ሊስትሮው በማስቲሽ ሊያድነው አይችልም። የኢቪኤ ጫማ ደግሞ ጎኑ ላይ ጥልቅ መጨማደድ ከታየበት፣ ወይም ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ የቀድሞው ባለቤት ጨርሶታል ማለት ነው።

በሩጫውም ቢሆን ስፖንጅ ልክ አለው። የዓለም አትሌቲክስ እ.ኤ.አ. በ2020 ለጎዳና ውድድር የሶል ውፍረት ከ40 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ደነገገ። ደራራ ሁሪሳ መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም የቪየና ማራቶንን በ3 ሰከንድ ልዩነት ቀድሞ ገባ፤ የጫማው ሶል 5 ሴንቲሜትር ሆኖ ተገኘና ድሉ ተሰረዘ። ለ42 ኪሎ ሜትር የተለፋበት ድል በ1 ሴንቲሜትር ስፖንጅ ሄደ!

ሰፈር ሜዳ ላይ ሶል የሚለካ ዳኛ የለም። ቅጣቱን የሚሰጠው ቁርጭምጭሚት ነው። ስለዚህ ሱቅ የገባ ሰው “ኦሪጅናል ነው?” ከማለቱ በፊት “ለምን ተብሎ ነው የተሠራው?” ብሎ ይጠይቅ። ሻጩ “ለሁሉም ይሆናል” ካለው አመስግኖ ወደ ሌላ ሱቅ ይሂድ።