ከሪባኑ በኋላ ላፕቶፑን ማን ይጠግነዋል?

ጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ተማሪ የላፕቶፑ ቻርጀር ቢቃጠል ችግሩ የአንድ ከሰዓት ነው። ምድር ቤት ካሉት ሱቆች አንዱ ጋ ይወርዳል፣ ጠጋኙ ልጅ ከፍቶ ያየዋል፣ ወይ ይበይድለታል ወይ «ሌላ ግዛ» ይለዋል። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ሱቅ ለማግኘት ሩቅ አይኬድም። ከዚያው ከጀሞ ተነስቶ በዓለም ገና፣ በሰበታና በወሊሶ አድርጎ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወንጪ ለሚደርስ ላፕቶፕ ግን ያው የተቃጠለ ቻርጀር የዕድሜው ማብቂያ ነው።

ለትምህርት ቤት ላፕቶፕ የሚገዙ፣ የሚለግሱና ሪባን የሚቆርጡ ሁሉ ይህችን ርቀት ይረሷታል።

ወንጪ በከንቱ አልተነሳችም። በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት 3,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለችው የወንጪ መንደርና ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ላለችው ወለንጪቲ ታብሌቶች ሰጠ። በየመንደሩ 20 ያህል ልጆች፣ ፊደል ያልቆጠሩ። ካርቶኑ እንደታሸገ ነው የተሰጣቸው፤ አስተማሪ የለም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙት፣ በአምስት ወር ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት ብለው ተናገሩ። ወሬው ዓለምን ዞረ።

ወሬው ሲዞር መንገድ ላይ የቀረ ነገር አለ። ታብሌቶቹ የሚሞሉት በፀሐይ ኃይል ነበር፤ አሞላሉን የመንደሩ አዋቂዎች ተምረዋል። በየሳምንቱም አንድ ቴክኒሻን እየሄደ ሚሞሪ ካርዶቹን ይቀይር ነበር። የሚቀይረው ለጥናት ነው፤ ቢሆንም መሣሪያውን በየሳምንቱ በዓይኑ የሚያይ ሰው ነበረ። ዛሬ ላፕቶፕ ከተረከቡት የገጠር ትምህርት ቤቶች በየሳምንቱ ቀርቶ በየመንፈቁ ባለሙያ የሚጎበኘው ስንቱ ነው?

ከርቀቱ ሌላ ከፍታው ራሱ ጠላት ነው። 3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የላፕቶፑ ማራገቢያ ይሽከረከራል፣ የሚገፋው አየር ግን ስስ ስለሆነ ሙቀቱ አይወጣም። የድሮው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ደግሞ መረጃ የሚያነበው ጫፉ በቀጭን አየር ላይ ተንሳፎ ነው፤ ለዚህም ነው ብዙዎቹ አምራቾች 3,048 ሜትርን የመጨረሻ ከፍታ አድርገው የሚጽፉት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ያደረ የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ይጎዳል። ይህ ምስጢር አይደለም፤ ከዕቃው ጋር የሚመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል። የጨረታ ሰነድ አዘጋጆች ያንን ወረቀት ቢያነቡ ምን ነበረበት?

አገሪቱ ከዚህ በፊትም ይህን ትምህርት ማግኘት ትችል ነበር። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተገዛው ፕላዝማ ነበር። የፕላዝማ ስክሪን ከ2,000 ሜትር በላይ ሲወጣ፣ በመስታወቱ ውስጥ የታሸገው ጋዝና የውጭው ግፊት ስለማይመጣጠኑ፣ መጮህ የታወቀ ጠባዩ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት!

መሣሪያው ተስማሚ ሲሆንም ብቻውን አይበቃም። ያው ድርጅት በሺዎች የሚቆጠሩ አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያ አስገብቶ ነበር። ማራገቢያ የላቸውም፣ ተሽከርካሪ ዲስክ የላቸውም፣ ስክሪናቸው ፀሐይ ላይ ይነበባል፣ የፊደል ገበታቸው በግዕዝ ነው። ለደጋ የተሠሩ ይመስሉ ነበር። በተራራማዋ ፔሩ እነዚሁ ላፕቶፖች በገፍ ታደሉ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ጥናት ግን 319 የገጠር ትምህርት ቤቶችን ተመልክቶ በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ያመጡት ለውጥ አላገኘም። መምህሩ ያልተዘጋጀበት ላፕቶፕ ከመጫወቻ አያልፍም።

ድሮ ቢሆን «ባይሠራም ደብተር አለ» ተብሎ ይታለፍ ይሆናል። አሁን ግን ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኦንላይን ይሰጣል። ጀሞ ላይ ኪቦርድ ሲነካ ያደገ ልጅና የትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ መጋዘን ውስጥ አቧራ የጠጣበት የደጋ ልጅ አንድ ዓይነት ስክሪን ፊት ይቀመጣሉ። ውጤቱ ሲወጣ ሁለተኛው «ሰነፍ» ይባላል።

«ገንዘብ የለም» የሚለው መልስ የታወቀ ነው። ገንዘብ ከሌለማ 100 ገዝቶ 100 ከማበላሸት 60 ገዝቶ የቀረውን ለትርፍ ባትሪ፣ ለቻርጀርና ለጠጋኝ ማዋል ይሻላል። ባለ 65 ዋት ቻርጀር 40 ላፕቶፖች አንድ ላይ ሲሰኩ 2,600 ዋት ይፈልጋሉ፤ ባለ 15 ዋቶቹ 600። ይህ በትንሽ የፀሐይ ፓነልና በማይሆን ጄኔሬተር መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከውጭ አገር ያገለገለ ላፕቶፕ በሻንጣ የሚያመጣ ወገንም ይመስገን፣ ግን ያረጀውን ባትሪ ቀይሮ ያምጣው።

ጨረታው ላይ «እስከ 3,500 ሜትር የሚሠራ» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ለእያንዳንዱ የጉድኝት ማዕከል መፍቻና መበየጃ ያለው አንድ ወጣት ይቀጠር። የርክክቡ ፎቶ በወጣ በዓመቱ ደግሞ ስንቱ እንደሚበራ ተቆጥሮ፣ ቁጥሩ ፎቶው በወጣበት በዚያው ገጽ ላይ ይለጠፍ።