አጎቴን ማስተማር ያቃተው ኮርስ

የአጎቴ ሱቅ አንዋር መስጊድ ሰፈር ነው። ብርድ ልብስና አንሶላ የሚሸጡበት ጠባብ ሱቅ ነው፤ እኔም ክረምት ክረምት እዚያ እየተላላክሁ ነው ያደግኩት። ባለፈው ሴሚስተር ለኮርስ ፕሮጀክት "ለነጋዴዎች የሚሆን የሒሳብ አያያዝ ኦንላይን ሥልጠና" የሚለውን ርዕስ ለቡድናችን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። አጎቴ በየወሩ ለሒሳብ ሠራተኛ እየከፈሉ የማይገባቸውን ወረቀት ሲፈርሙ አይቻለሁና ነው። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር በደረሰኝ ቁጥጥሩ ምክንያት የመርካቶ ሱቆች ተዘግተው የሰነበቱ ጊዜ ደግሞ፣ ሒሳብን አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ በቤታችን በደንብ ታይቷል።

አራት ሆነን 12 ምዕራፍ አዘጋጀን። ሥዕል አለው፣ የሚጫን ቁልፍ አለው፣ በየምዕራፉ መጨረሻ ጥያቄ አለው። "አሳታፊ" አልነው። ጥሩ ውጤትም አገኘን። እንግዲህ ችግሩ የጀመረው ውጤቱን ካገኘን በኋላ ኮርሱን ይዤ ሱቅ የሄድኩ ቀን ነው።

ገና ሲከፈት ኢሜይልና የይለፍ ቃል ጠየቀ። አጎቴ "ኢሜይል የለኝም፤ ቴሌግራም አይሆንም?" አሉኝ። ኢሜይል ከፈትኩላቸው። ምዕራፍ አንድ "የሒሳብ አያያዝ ትርጉምና ታሪክ" ይላል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳሉ ደንበኛ መጣ፤ አስተናግደው ሲመለሱ ኮርሱ ተዘግቶ እንደገና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። እንደምንም ጥያቄው ጋ ደረሱ። "አንድ ነጋዴ በ10 ብር የገዛውን ዕቃ በ15 ብር ቢሸጥ ትርፉ ስንት ነው?" ምርጫዎቹ 3፣ 5፣ 10 እና 15 ናቸው። አጎቴ 3ን ነኩ። ስልኩ እንደ መኪና ጡሩምባ ጮኸ፤ በቀይ "ስህተት! እንደገና ይሞክሩ" የሚል ወጣ። ሱቁ ውስጥ የሚሠራው ልጅ ሳቀ። ደንበኞችም ዞር ብለው አዩ።

አጎቴ ስልኩን በአንሶላው ላይ ደፉትና "ልጄ፣ ሁለት ብሩ ለተሸካሚና ለኪራይ አይሄድም እንዴ? ሠላሳ ዓመት የነገድኩት መቁጠር ሳልችል ነው?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር ትክክሉ እሳቸው ነበሩ። ያልተጣራ ትርፍንና የተጣራ ትርፍን ልዩነት በምዕራፍ 9 ልናስተምራቸው ያሰብነው እኛ ነን፤ እሳቸው ግን ከምዕራፍ አንድ በፊት ያውቁታል። ኮርሳችን ጣት ሲነካው ይጮሃል እንጂ "ለምን 3 አሉ?" ብሎ መጠየቅ አይችልም። ታዲያ ምኑ ላይ ነው አሳታፊነቱ?

ማልኮም ኖልስ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ጎልማሳ ተማሪ ከሕፃን የሚለይባቸውን መነሻ ሐሳቦች ዘርዝሯል። ጎልማሳ ራሱን መምራት ይፈልጋል፣ የካበተ ልምድ ይዞ ይመጣል፣ ለኑሮው የሚያስፈልገውን ለመማር ዝግጁ ነው፣ የተማረውንም ዛሬውኑ ሊሠራበት ይፈልጋል። እነዚህን አራቱንም በፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። እኔ ብቻ ሳልሆን ሁላችንም ጽፈናቸዋል። ሥራ ላይ ሲመጣ ግን አንዱንም አልተጠቀምንበትም።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ መርካቶ ከእኛ የተሻለ የትምህርት አሰጣጥ አለው። አንድ ልጅ ሱቅ ሲቀጠር መጀመሪያ ይጠርጋል፣ ይላላካል። ቀጥሎ ዕቃ ማጠፍና መደርደር ይለምዳል። ከዚያ የዕቃውን ዓይነት፣ ከዚያ ዋጋውን፣ ከዚያ ከደንበኛ ጋር መከራከርን። በመጨረሻ ቁልፍ ይሰጠዋል። ሲሳሳት ደንበኛ ፊት አይነገረውም፤ ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ነው ቁጭ አድርገው የሚነግሩት። እኛ ግን የሱቁን ባለቤት በጠራራ ፀሐይ፣ በሠራተኛው ፊት፣ በጡሩምባ አረምናቸው።

ከሱቅ ወጣ ብለን ብናይም ነገሩ ያው ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ያስተማረ ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት የዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። ስለ ዘመቻው ብዙ የሚተች ነገር ቢኖርም፣ ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ መማሩ ግን ትልቅ ነገር ነበር። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርም ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉት። አጎቴን ማን አስተማራቸው? የጎን ሱቅ ጎረቤታቸው። "*127# በልና 10 ብር ላክልኝ" አላቸው፤ ላኩ፤ ደረሰ፤ አለቀ። ትንሽ ሙከራ፣ ወዲያው የሚታይ ውጤት፣ ሲያቅት የሚጠየቅ ሰው። ሦስቱም በእኛ 12 ምዕራፎች ውስጥ የሉም።

ስለዚህ እንደገና ጀመርን። 12ቱን ወደ 6 ቀነስን። እያንዳንዱ ወደ 4 ደቂቃ የሚሆን የድምፅ ትምህርት ሆነ፤ በቴሌግራም ተላከ። አንዴ ከወረደ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሰማል፤ ደንበኛ ሲመጣ ወይም አዛን ሲል ይቆማል፤ ሲመለሱ ካቆመበት ይቀጥላል። ጥያቄዎቹም ከራሳቸው ደብተር ሆኑ፤ "ትናንት በዱቤ የሰጡትን የት ጻፉት?" የሚል ዓይነት። መልሱ በድምፅ ነው። ተማሪዎቹ አጎቴና አራት ጎረቤቶቻቸው ነበሩ።

አንዲት የሻሽ ነጋዴ "የክፍለ ሀገር ደንበኛዬ ወስዶ ያልከፈለኝ ዕቃ ተሸጧል ነው ወይስ አልተሸጠም የሚባለው?" ብላ ጠየቀች። ግማሹ ተሸጧል፣ ግማሹ ብሩ ሳይገባ ምን ሽያጭ አለ ብሎ ተከራከረ። ከዚያ በኋላ ነው እኛ ገብተን ሽያጩ በሽያጭ፣ ያልተከፈለው ደግሞ በተሰብሳቢ ሒሳብ እንደሚያዝ ያስረዳነው። አጎቴ "ተሰብሳቢ ማለት ለካ እኔ 'ውጭ ያለ ብር' የምለው ነው!" አሉ። ያቺ ድምፅ ለእኔ ከፕሮጀክቱ ውጤት ትበልጣለች።

ሁሉም ተሳካ ማለቴ አይደለም። ከአምስቱ ሁለቱ አቋረጡ። አንደኛው ሽያጩን ጎረቤት በሚሰማበት መናገር አልፈለገም፤ ልክ ነው፣ የነጋዴ ሽያጭ ምስጢር ነው። ለብቻ የሚመልሱበትን መንገድ ከመጀመሪያው ማሰብ ነበረብን። ጓደኞቼም "ቴሌግራም ላይ መልእክት በመልእክት ይቀበራል፣ ማን እንደተማረ ማረጋገጥ አይቻልም፣ የእርጅና ተቀናሽን በ4 ደቂቃ ማን ያስረዳል?" ይሉኛል። እውነት አላቸው። ለምስክር ወረቀትና ለጠለቀ ትምህርት የተደራጀ ኮርስ ያስፈልጋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ዓይነት በነፃ የሚሰጥ ኮርስ፣ ኮምፒውተር ለለመደ ወጣት ጥሩ ዕድል ነው። እኔ የምለው መሣሪያው ከመመረጡ በፊት ተማሪው ይታይ ነው።

ለትምህርት ክፍላችን ያለኝ ሐሳብ አንድ ነው። ማንኛውም የሥልጠና ፕሮጀክት ከመታረሙ በፊት፣ አዘጋጆቹ ሥልጠናው የታሰበላቸውን ሦስት ጎልማሶች ሥራ ቦታቸው ድረስ ሄደው፣ ሲጠቀሙበት አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይዩ። ሳያግዟቸው፣ ሳይመልሱላቸው። የት እንደቆሙ፣ የት እንደተናደዱ ጽፈው ከፕሮጀክቱ ጋር ያያይዙ፤ መምህራንም ለእሱ ነጥብ ይስጡ። ወጪው የታክሲ ብቻ ነው። እኛ ይህን አስቀድመን አድርገነው ቢሆን አጎቴን ባላሳፈርናቸው ነበር።

ባለፈው ወር የሒሳብ ሠራተኛው እንደተለመደው ወረቀት ይዞ መጣ። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና "ይሄ ተሰብሳቢ ያልከው ቁጥር ከኔ ደብተር ጋር አይገጥምም" ብለው ሳይፈርሙ መለሱለት። በማግስቱ ተስተካክሎ መጣ።