አባትነትን በጎተራ ለሚለኩት ጸሐፊ

ሕፃን ፊደል እስኪቆጥር ድረስ የእናቱ ብቻ እንደ ሆነ፣ አባትም ጎተራውን ከሞላ ዕዳውን እንደ ከፈለ፣ አባቶችን ሰብስቦ ስለ ልጅ አስተዳደግ ማስተማርም ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ነገር እንደ ሆነ አድርገው ሐተታቸውን ላሳተሙት ጸሐፊ፣ ብዕራቸውን እያከበርን፣ ሐሳባቸውን ግን ከቶ እንደማንቀበል እንገልጻለን።

እንግዳ ያሉትን በወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ፣ መርሳ ላይ እንየው። ቤተ ክርስቲያን ወንዱን ሕፃን በአርባ ቀኑ ስታጠምቅ ከወላጁ ሌላ የክርስትና አባት ትሰጠዋለች፤ በእስላሙም ቤት አዛኑን በጨቅላው ጆሮ ማሰማት የአባት ወግ ነው። በወሎ ቅሬ የሚባለውም ማኅበር ሬሳ በወጣ ጊዜ ወንዱን ሁሉ ከእርሻውና ከአትክልት ቦታው ያስነሣል፤ የቀረውንም ይቀጣል። ለሙታን ይህን ያህል ሥልጣን ያለው ጉባኤ፣ ከቀብር መልስ በተቀመጠበት ስለ ሕያዋን ሕፃናት አንዲት ሰዓት ቢነጋገር ባዕድነቱ ምኑ ላይ ነው?

ጉድለቱስ ሌላ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ትምህርት ስለ ጡት ማጥባትና ስለ ክትባት በየቤቱ ሲዞር፣ በአመዛኙ ያነጋገረው እናቲቱን ነው፤ እህሉን ሸጦ ወደ ጤና ጣቢያ የመሳፈሪያውን ገንዘብ በኪሱ የሚይዘው ግን ባልየው ነው። የበሬውን ጥርስ አይቶ ዕድሜውን የሚናገር አባወራ፣ የልጁ ክትባት ስንተኛው እንደ ሆነ ቢጠየቅ ወደ ሚስቱ ዘወር ይላል። (ጸሐፊያችንን ባንጠይቃቸው ይሻላል።)

ሕጉም ቢሆን ገና እጁ አልተፈታም፤ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ የሚፈቅደው 3 ተከታታይ ቀናት ብቻ ነው፤ የሐብሩ ገበሬ ደግሞ እርሱም የለውም። እንግዲህ ጸሐፊው ይመልሱልን፤ ይህን ገበሬ ቅሬው ካልጠራው ማን ይጥራው?