ጥርኝ ውሃ
በሐሙሲት ገበያ ዳር ከተቀመጡት ነዳያን መሃል ለአንዲት ዐይነ ስውር እናት፣ በመጠጥ የሚታማ ሰው ጎንበስ ብሎ ብር ሰጣት። እሷ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ክፉ አይንካህ» ብላ መረቀችው፤ ከኋላው የነበሩት ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ለይስሙላ ነው፣ ማታ ጠላ ቤት ነው የሚያመሸው» ተባባሉ። ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት የበላዔ ሰብን ታሪክ ሰምተን እልል የምንል እኛው ነን። 78 ነፍስ የበላ፣ ለቤተሰቡ እንኳ ያልራራ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውሃ ሰጠ። ያውም የተጠማውን ጉሮሮ በቅጡ ያላራሰች! ነፍሱ በተመዘነች ጊዜ ግን ለሚዛኑ በቃች። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የውሃዋ ማነስ ነው። ከእኛ አንዱ እዚያ መንገድ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ የሰውዬውን ደም የነካ እጅ ያይ ነበር እንጂ ውሃዋን አይቆጥርለትም ነበር። መጾማችን፣ መስገዳችን፣ ማስቀደሳችን መልካም ነው፤ የሌላውን ምጽዋት ከየትኛው ልብ እንደወጣ የመመርመር ሥልጣን ግን ማን ሰጠን? ኃጢአቱን የሚሰሙለት የነፍስ አባት አሉት። እሱን ለእሳቸው እንተውላቸው፤ የሰጠውንም እንደ ምጽዋት እንቁጠርለት።