ጦጣው መጽሐፍ አለው፤ የእኛስ ተረት?

«የውጭ ድራማ ወረረን» የሚለው ሮሮ ከተነሣ ሰነባበተ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርኩንም የሌላውንም አገር ተከታታይ ድራማ በአማርኛ እያናገረ ብቅ ሲል፣ ብዙ የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎቻችን ተቃውሞ አሰምተው ነበር። ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ገልበጥ ላድርገው፤ የሰው አገር ድራማ ለምን ገባ ከማለታችን በፊት፣ የእኛው ተረት ለምን ከምድጃ ዳር አልወጣም?

ለዚህ ጥያቄ ትምህርት የሚሆነን «ወደ ምዕራብ ጉዞ» የተባለው የቻይና ተከታታይ ድራማ ነው። እዚህ ግቢ ከዶርም ወደ ዶርም በፍላሽ ሲዞር ነው ያየሁት። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ መነኩሴ የቡድሃ እምነት መጻሕፍትን ሊያመጣ ከቻይና ወደ ሕንድ ይጓዛል። አጃቢዎቹ ግን ተራ ሰዎች አይደሉም። አንዱ ሱን ዉኮንግ የሚባል ጦጣ ነው፤ ደመና ይጋልባል፣ 72 ዓይነት መልክ ይለዋውጣል፣ ዱላውን እንደ መርፌ አሳንሶ ጆሮው ውስጥ ይሸጉጣል። ሰማይን በማወኩ ተራራ ሥር 500 ዓመት ታስሮ የወጣ ጉደኛ ነው። ሌላው ደግሞ ሆዱን የሚወድ ዐሣማ!

መነኩሴው ግን በታሪክ የነበረ ሰው ነው። ሹዋንዛንግ ይባላል፤ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሕንድ ደርሶ መጻሕፍቱን ይዞ ተመልሷል። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ጉዞውን እየተቀባበለ ተረተው፣ ጦጣውንም ዐሣማውንም ጨመረበት። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዉ ቼንግኤን እንደጻፈው የሚነገርለት ባለ 100 ምዕራፍ ልቦለድ ሆነ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1986 በቴሌቪዥን ታየ። ልብ በሉ! በተረቱና በካሜራው መካከል መጽሐፍ አለ። የእኔም ሐሳብ ይኸው ነው፤ እኛ የጎደለን ከሁሉ በፊት ካሜራ ሳይሆን ያ የመሐሉ መጽሐፍ ነው።

«ተረት የት አለንና?» የሚል ካለ ወደ እኛ አገር ልውሰደው። እኔ የውርጌሳ ልጅ ነኝ። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ሐይቅንና ውጫሌን አልፋችሁ፣ መርሳ ሳትደርሱ ታገኙናላችሁ። የሐይቅ ውሃ እንዴት እንደተፈጠረ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ተረት አለ። ድሮ ቦታው ደረቅ መሬት ነበር አሉ። አንዲት ልዕልት አንዲትን እርጉዝ ሴት በደለቻት። ፈጣሪም ተቆጥቶ ዙሪያውን ውሃ አደረገው፤ እርጉዟ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ። ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘው፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ቦታ ማለት ነው።

እስቲ አሁን ይህን ተረት እንደ ደራሲ ጠይቁት። ልዕልቲቱ ማን ናት? እርጉዟን ምን አድርጋ በደለቻት? አይተው ዝም ያሉት ጎረቤቶችስ? የተወለደው ልጅ ውሃ መሐል እንዴት አደገ? ኧረ ይኼ ብቻውን አንድ ወፍራም ልቦለድ ይወጣዋል! ታናሽ እህቴ ግን የቱርክ ድራማ ገጸ ባሕርያትን ስም አንድ በአንድ ትቆጥራለች፤ ከቤታችን ብዙም ስለማይርቀው ሐይቅ ስትጠየቅ ዓሣ አለው ከማለት አታልፍም። በእሷ አይፈረድም፤ የእኛን ማን ጽፎ ሰጣት?

መጽሐፍ ካለ ሌላው እንደሚከተል በራሳችን አገር አይተናል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከውና መጽሐፉን ያልገለጠው ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አወቀ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ኢቢሲ ተከታታይ ድራማ አድርጎ ሠራው። ምናባዊ ታሪክ በአማርኛ አይነበብም እንዳይባልም የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ተደጋግሞ ታትሟል። ስለዚህ አንባቢውም አለ፣ ተመልካቹም አለ።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ ይገባኛል። አንደኛው የገንዘብ ነው። እውነት ነው፣ ደመና የሚጋልብ ጦጣ ማሳየት ውድ ነው። ነገር ግን የቻይናዋ አዘጋጅ ያንግ ጂዬ ያን ድራማ በአብዛኛው የቀረጸችው በአንድ ካሜራ ነው። ሥራው በ1982 ተጀምሮ 25ቱ ክፍሎች ያለቁት በ1988 ነው (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)። መሐል ላይ በጀት አልቆባቸው ደጅ ጠንተዋል። ለመጽሐፍ ደግሞ ያን ያህል እንኳ አያስፈልግም፤ ወረቀት፣ ብዕርና ትዕግሥት ይበቃል።

ሁለተኛው የእምነት ነው። የቅዱሳንን ገድል እንደ ልቦለድ እንዳሻን እንቀያይረው ማለቴ አይደለም፤ ሕዝቡ የሚያከብረው ነገር ይከበር። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለልጆቹ የሚያወጋው፣ የጅቡ፣ የጦጣዋ፣ የጅኒውና የውሃው ተረት ሞልቷል። ከዚያ እንጀምር።

ታዲያ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ምን እናድርግ? ልቦለድ ጸሐፊ ላንሆን እንችላለን፤ መጠየቅና መቅዳት ግን ሙያችን ነው። ሁላችንም ለእረፍት ወደየአገራችን ስንገባ ከአንድ አዛውንት አንድ ተረት በሞባይላችን እንቅዳ። ማን እንደነገረን፣ የት እንደተነገረ፣ ሌላው ሰው በምን ለውጦ እንደሚያወራው እንጻፍ። ተመልሰን ስንመጣ ትምህርት ክፍሉ አንድ ላይ ይጠርዘው። ከዚያ ወዲያ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እናቀብላለን፤ እነሱ ያስፉት።

ጊዜ ግን የለንም። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ የእኛን አካባቢ ሕዝብ ከቀዬው ሲያፈናቅል፣ ብዙ አዛውንት ከቤታቸው ወጥተዋል፤ ያልተመለሱም አሉ። የሚያውቁትን ተረት የያዘ ደብተር የለም። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። የቱርኩንም የቻይናውንም እንይ፣ አልከለክልም፤ እህቴ ግን ሪሞቱን ስትጫን የእኛንም ታግኝ።