የኤይላት የባሕር ሣር ሳይጠፋ በፊት ይናገራል

ኤይላት ለዕረፍት የወረደ ቤተሰብ ኮራሉን ሳያይ አይመለስም። የውሃ መነጽሩን አጥልቆ ይዋኛል፣ ባለቀለም ዓሣ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል። በሰሜኑ ዳርቻ፣ ከሆቴሎቹ ፊት ለፊት፣ ከውሃው ሥር የተነጠፈውን አረንጓዴ ሣር ግን ልብ የሚለው የለም። ማዕበል ገንጥሎ ዳር ሲያወጣው «ይሄ ምን ቆሻሻ ነው?» ይባላል።

ቆሻሻ አይደለም። ብዙ ሰው እንደሚያስበው አልጌም አይደለም። ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል፣ አበባና ዘር ያለው፣ እንደ የብስ ተክሎች ያለ ተክል ነው። ሳይንቲስቶች ሃሎፊላ ስቲፑላሲያ ይሉታል። ቅጠሉ ከአንድ ጣት አይበልጥም። ግን አሸዋውን በሥሩ ይዞ ያቆያል፣ ለትናንሽ ዓሦች መደበቂያ ይሆናል፣ አረንጓዴው የባሕር ኤሊም ይግጠዋል። በኤይላት ከዳር ጀምሮ እስከ 50 ሜትር ገደማ ጥልቀት ድረስ ይበቅላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ጥቅም አለው፤ ውሳኔ ሰጪዎች በቁም ነገር ሊያዩት የሚገባውም እሱን ነው። ይህ ሣር ባሕሩ ላይ የደረሰውን በቅጠሉ ውስጥ ይዞ ይቆያል። ከጎንደር ገጠር የመጡ አባቶች የገብሱን ቅጠል አይተው መሬቱ እንደደከመ ያውቁ ነበር። የባሕር ሣርም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ በዓይን ሳይሆን በላቦራቶሪ መነበቡ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተክሉ በፀሐይ ብርሃን ካርቦንን ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ናይትሮጂንና ፎስፈረስን ደግሞ ከውሃውና ከአሸዋው ይስባል። ብርሃን ሲበዛና ማዳበሪያው ሲያንስ፣ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካርቦን ከናይትሮጂኑ አንጻር ይበዛል። ውሃው ሲደፈርስ ወይም ፍሳሽ ሲገባበት ሚዛኑ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ናይትሮጂኑ ይጨምራል፣ ከመሬት በታች ባለው ግንድ የተጠራቀመው ስኳርና ስታርች ደግሞ ይመነምናል። ማለትም ሣሩ ገና አረንጓዴ እንደሆነ ስንቁን እየጨረሰ ነው። የፍሳሽ ናይትሮጂን ደግሞ የራሱ ምልክት አለው። በውስጡ ከባዱ የናይትሮጂን ዓይነት ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ ሣሩ ሲስበው ቅጠሉ ላይ ይታወቃል። ስለዚህ ላቦራቶሪው «ናይትሮጂን በዝቷል» ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣም ፍንጭ መስጠት ይችላል።

ይህ ለኤይላት ተራ የትምህርት ቤት ጉዳይ አይደለም። በባሕረ ሰላጤው ሰሜን ጫፍ ለዓመታት የዓሣ ማርቢያ ቀፎዎች ነበሩ። የዓሦቹ ኩስና የተረፈው መኖ ውሃውን ያዳብራል ተብሎ ረጅም ክርክር ተነሳ፣ ሳይንቲስቶችም ተከራከሩ፤ በመጨረሻ መንግሥት ወስኖ በ2008 ቀፎዎቹ ወጡ። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ያወራው ስለ ኮራሉ ነበር። ሣሩን የጠየቀው ጥቂት ነው።

ታዲያ አንድ ቁጥር አውጥቶ «ከዚህ በላይ ከሆነ ባሕሩ ታሟል» ማለት አይቻልም ወይ? ሙከራው አለ። ስፔናዊው ተመራማሪ ካርሎስ ዱዋርቴ በ1990 ከብዙ አገር የተሰበሰበ መረጃ አይቶ፣ ናይትሮጂን ከደረቅ ቅጠሉ ክብደት 1.8 ከመቶ፣ ፎስፈረስ ደግሞ 0.2 ከመቶ የሚሆነውን እንደ መካከለኛ መለኪያ አቀረበ። ከዚያ በታች የሆነ ሣር ምግብ ሳያንሰው አይቀርም። መለኪያው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ግን የኤይላቱን ሣር በዚህ ብቻ የሚለካ ሰው ሊሳሳት ይችላል። ከዳር የተለቀመ ቅጠልና ከ40 ሜትር የወጣ ቅጠል አንድ አይደሉም። ጥልቁ ውስጥ ያለው ጥቂቷን ብርሃን ለመያዝ ቅጠሉን ያሰፋል፣ ክሎሮፊሉንም ይጨምራል። የበጋውና የክረምቱም ይለያያሉ። ውሃው ሲሞቅ ተክሉ ለመተንፈስ ብቻ ብዙ ስኳር ያቃጥላል። ፌኖል የሚባለው መከላከያ ንጥረ ነገር ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ከፍ ሊል፣ ማዳበሪያ ሲበዛ ሊወርድ ይችላል። አንድ ናሙና ወስዶ ብይን መስጠት እንግዲህ ሐኪም በሽተኛውን አንዴ በስልክ አነጋግሮ እንደሚያዘው መድኃኒት ነው።

የሚያስፈልገው በዚያው ቦታ፣ በዚያው ጥልቀት፣ በዚያው ወቅት፣ በየዓመቱ መለካት ነው። ኤይላት ከተማ በዓመት ከ30 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናብ ነው የምታገኘው፤ ሲዘንብ ግን ጎርፉ ከተራራው ደለል ጠርጎ ባሕር ውስጥ ይከተዋል፣ ሣሩንም ይቀብረዋል። ከጎርፍ በኋላ የተገኘ መጥፎ ውጤት የጎርፉ ነው ወይስ የግንባታው? የቀደሙት ዓመታት መዝገብ ከሌለ ሁሉም ጥፋቱን በጎርፉ ላይ ይደፋል።

«ይሄ ሣር እኮ አይሞትም» የሚሉም አሉ። ምክንያታቸው ባዶ አይደለም። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ይኸው ሣር ወደ ሜድትራንያን ተሻግሯል፤ በ1894 ሮድስ ደሴት ላይ ተመዝግቧል። በ2002 ደግሞ ካሪቢያን ውስጥ ግሬናዳ ላይ ተገኝቷል፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ እንደ ወራሪ ይታያል። ጠንካራ ነው፣ እውነት ነው። ግን ክርክሩ የሚገለበጠውም እዚሁ ላይ ነው። ራሱን ከሁኔታው ጋር የሚያስማማ ተክል ችግሩን ከላይ አያሳይም። ቅጠሉን አስፍቶ፣ ስኳሩን በልቶ፣ አረንጓዴ መስሎ ይቆያል። በአውሮፕላን ፎቶ ወይም በጠላቂ ዓይን «ሣሩ አለ» ብሎ ካርታ ላይ መቀባት ለሌላ ተክል ይበቃ ይሆናል፤ ለዚህኛው ግን አይበቃም። ካሪቢያን ስለተስፋፋም የኤይላቱ መስክ አይተርፍም፤ የኤይላቱ ኤሊ ግሬናዳ ሄዶ አይግጥም።

ገንዘብ ያስወጣል የሚለው መልስም ይመጣል። ሆቴሎቹ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ናቸው፣ ማንም ይዘጉ አላለም። ግን አንድ የባሕር ዳር ግንባታ ከሚፈጀው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር፣ ጥቂት ከረጢት ቅጠል አድርቆ ላቦራቶሪ ማስገባት ኢምንት ነው። ባለሙያውም ሩቅ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲዎቹ የጋራ የባሕር ምርምር ተቋም እዚያው ኤይላት ዳርቻ ላይ ነው ያለው።

የኮራሉ ጥብቅ ሥፍራ በደቡብ በኩል ነው። በሰሜኑ ዳርቻ ያለው ሣር ከዚያ አጥር ውጭ ነው፤ ግንባታው፣ ጀልባውና ሕዝቡ የሚበዛው ደግሞ እዚሁ ነው። ስለዚህ ኢሪያው እና የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር በዚህ ዳርቻ ለሚሰጡት እያንዳንዱ ፈቃድ ቢያንስ የአንድ ሙሉ ዓመት፣ የበጋም የክረምትም፣ የሣሩን የኬሚካል ውጤት አስቀድመው ይጠይቁ፤ ውጤቱም ለሕዝብ ክፍት ይሁን። ትራክተሩ ከገባ በኋላ የሚለቀም ቅጠል ባሕሩ ከዚያ በፊት እንዴት እንደነበረ ሊያሳይ አይችልም።